ዛሪማ ከሊማሊሞ ግርጌ፦ የቆላ አየር ንብረት፣ የወቅቶች አፈራረቅና የዝናብ ቀን ትርጉም

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ ሽሬ የሚወስደው ጎዳና ደባርቅን ጥቂት እንዳለፈ የሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። በታኅሣሥ ማለዳ እዚያ የቆመ መንገደኛ ጋቢውን አጥብቆ ተከናንቦ ቁልቁል ይመለከታል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ ዛሪማ ሲያደርሰው ግን ያው መንገደኛ ጋቢውን አጣጥፎ ይዞ ጥላ ይፈልጋል። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ የጥቂት ሰዓታት ነው፤ ያቋረጠው የአየር ንብረት ልዩነት ግን በሜዳማ አገር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞም ላይገኝ ይችላል።

ይህ ልዩነት ለጎብኚ የሚያስደንቅ ትዕይንት ነው፤ ለዛሪማ ገበሬ ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። ማሽላውን መቼ እንደሚዘራ፣ የትኛውን የጤፍ ዘር እንደሚመርጥ፣ ወባ ወደ ቤቱ መቼ እንደምትመጣ፣ ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ የሚወስነው የዝናቡ አገባብና አወጣጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የዛሪማና የአካባቢዋ አየር ንብረት በምን እንደሚቀረጽ፣ ወቅቶቹ እንዴት እንደሚፈራረቁ፣ የዝናብ መዛባትም ለምን ከደጋው ይልቅ በቆላው ላይ በሌላ መልክ እንደሚጎዳ ለማስረዳት የቀረበ ነው።

ከፍታና ሙቀት

ዛሪማ በሰሜን ጎንደር ዞን በአዲ አርቃይ ወረዳ፣ ከስሜን ተራሮች ሰንሰለት ግርጌ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ስሟን የምትጋራው የዛሪማ ወንዝ ከስሜን ተራሮች ምዕራባዊና ሰሜናዊ ተረተር የሚወርደውን ውኃ ሰብስቦ ወደ ተከዜ የሚገባ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ጫፍ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል።

አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በዛሪማና በደባርቅ መካከል ወደ 9 ዲግሪ የሚጠጋ፣ በዛሪማና በራስ ደጀን ጫፍ መካከል ደግሞ ከ18 ዲግሪ የማያንስ ልዩነት ይኖራል። ዛሪማ ላይ 30 ዲግሪ በሆነ ቀትር በተራራው ጫፍ ላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

የአገሬው ሰው ይህን እውነት ቴርሞሜትር ከመምጣቱ አስቀድሞ በስም ለይቶታል። ከ1,500 ሜትር አካባቢ በታች ያለው ቆላ፣ ከዚያ በላይ እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ወይና ደጋ፣ ቀጥሎ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል። ቁጥሮቹ ከቦታ ቦታ ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ክፍፍሉ ግን የሙቀት ብቻ ሳይሆን የአዝርዕት፣ የከብትና የበሽታም ክፍፍል ነው። ማሽላ፣ ሰሊጥና ዳጉሳ በቆላው፣ ጤፍ በቆላና በወይና ደጋው፣ ስንዴና ባቄላ በደጋው፣ ገብስ ደግሞ እስከ ውርጩ ድንበር ይዘራሉ። በዓለም ላይ ይህን ሁሉ በአንድ ወረዳና በጎረቤቱ መካከል የሚያገኝ ገበሬ ጥቂት ነው።

የስሜን ብርድ ዝና ጥንታዊ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በአዱሊስ ወደብ አግኝቶ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር፣ ስሜንን በብርድና በበረዶ የተሞሉ፣ ለመውጣት የሚያዳግቱ ተራሮች አገር አድርጎ ይገልጻታል። እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ በሊማሊሞ በኩል ወጥቶ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በእነዚህ ተራሮች ላይ በረዶ ይታያል የሚለውን ወሬ አልተቀበለም፤ ከ40 ዓመት በኋላ በትግራይ በኩል የመጣው ሄንሪ ሶልት ግን የተራሮቹን ጫፍ በበረዶ ነጥቶ እንዳየው ጽፏል። ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባደረገው ጥናት ደግሞ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በስሜን ከፍተኛ ጫፎች ላይ አነስተኛ የበረዶ ግግሮች እንደነበሩ አሳይቷል። ዛሬ በተራሮቹ ላይ የሚቆይ የበረዶ ግግር የለም፤ አልፎ አልፎ የሚወርደው በረዶም ፀሐይ ስትበረታ ይቀልጣል።

ዝናቡን የሚያመጣው ምንድን ነው?

የሰሜን ኢትዮጵያ ዝናብ ጌታው ፀሐይ ናት ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከሰሜንና ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚነፍሱት ነፋሳት የሚገናኙበት ቀጣና የፀሐይን ጉዞ እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። በበጋ ወራት ቀጣናው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሚሆን በጎንደር ምድር ላይ የሚነፍሰው ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ነው። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ግን ቀጣናው ወደ ሰሜን ይወጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከዛሪማም አልፎ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ እርጥበት የያዘው ነፋስ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ይነፍሳል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ እርጥበትም ይታከልበታል።

እርጥበት ያዘለው አየር የስሜንን ግድግዳ ሲገጥም ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ደመና ይሆናል፤ ደመናውም ይዘንባል። ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበለው ምዕራባዊ ተረተር የተሻለ ዝናብ ሲያገኝ፣ ከተራራው ጀርባ በተከዜ ሸለቆ በኩል ያሉት የምሥራቅ ቆላዎች በዝናብ ጥላ ሥር ይቀራሉ። ዛሪማ የምትገኘው በምዕራባዊው በኩል በመሆኑ ከእነርሱ ትሻላለች፤ ዳሩ ግን ዝቅተኛ ስለሆነች በላይዋ ካለው የሊማሊሞ አፋፍ ጋር አትተካከልም። ዝናብ ሳይበቃት ሲቀር ደግሞ ሙቀቷ የወደቀውን ውኃ ፈጥኖ ያተንነዋል። እኩል ሚሊ ሜትር ዝናብ በደጋውና በቆላው ቢወርድ ለሰብል የሚቀረው ውኃ እኩል አይደለም፤ የቆላው አፈር የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የፀሐይ ጉዞ ሌላም ነገር ያብራራል። ዛሪማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀትር በቀጥታ በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ አንደኛው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ሁለተኛው በነሐሴ 12 አካባቢ ነው። የፀሐይ አቀማመጥ በሁለቱ ጊዜያት አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሚያዝያ የዓመቱ ሞቃት ወር፣ ነሐሴ ግን ለዘብ ያለ ወር ነው። ልዩነቱን ያመጣው ደመና ነው፦ በሚያዝያ ሰማዩ ጠርቶ መሬቱ ደርቆ ሙቀቱ በሙሉ አየሩን ያግለዋል፤ በነሐሴ ግን ደመናው ጨረሩን ይመልሰዋል፣ የወረደውም ሙቀት እርጥቡን መሬት በማድረቅ ይባክናል።

ከነሐሴ 12 በማግስቱ ቡሄ ነው። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለው የአበው አነጋገር በዚህ ኬክሮስ ላይ የሰማይ ምስክር አለው፤ ፀሐይ የዛሪማን አናት ለቃ ወደ ደቡብ የምትመለሰው በዚያው ሰሞን ነውና። ዝናቡ ግን ከፀሐይ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ ያን ዕለት አይቆምም። አነጋገሩ የሚያመለክተው የክረምቱን ፍጻሜ ሳይሆን መመለሻውን ነው።

ዓመቱ በዛሪማ

በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ወቅት አለው፦ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከዚያ እስከ ሰኔ 25 ፀደይ፣ ከዚያ እስከ መስከረም 25 ክረምት። የአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ደግሞ የዝናቡን ሁኔታ መሠረት አድርጎ ዓመቱን በሦስት ይከፍላል፦ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ሁለቱ አከፋፈሎች አይጣሉም፤ አንዱ የዘመንን ሥርዓት፣ ሌላው የዝናብን ልማድ ይከተላል። የሬድዮ ትንበያ የሚያዳምጥ ገበሬ ግን «በጋ» የሚለው ቃል በሁለቱ ዘንድ የተለያዩ ወራትን እንደሚያመለክት ማወቅ ይገባዋል።

በመፀው ሰማዩ ይጠራል፤ አደይ አበባ ደጋውን ቢጫ ሲያለብስ በቆላው ሰሊጥና ማሽላ ይደርሳሉ። ሌሊቱ ለዘብ ይላል፣ ወንዙ እየጠራና እየቀነሰ ይሄዳል። ታኅሣሥና ጥር የዓመቱ ቀዝቃዛ ወራት ናቸው፤ ደባርቅና ዳባት ውርጭ ሲያሰጋቸው ዛሪማ ላይ ግን ውርጭ የሚፈራ የለም። ከየካቲት በኋላ ሐሩሩ ይበረታል፤ የዕጣን ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ይቆማሉ፣ ሣሩ ይደርቃል፣ የከብት ውኃ ፍለጋ ይረዝማል። በመጋቢትና በሚያዝያ ጥቂት የበልግ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ የአገሪቱ ክፍል በልግ የሚታመን ወቅት አይደለም። እንደ ወሎ ደጋ የበልግ ሰብል የሚያስጭን ሳይሆን፣ መሬቱን ለማረስ የሚያለሰልስና ለረጅም ጊዜ ማሽላ መዝሪያ የሚሆን ዕድል ነው።

ክረምቱ በሰኔ ይገባል። በጎንደር ከተማ በዓመት ከሚወርደው፣ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ከሚበልጠው ዝናብ ግማሽ የሚያህለው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው፤ በዛሪማም የዝናቡ ቅርጽ ይህንኑ ይከተላል። በዚህ ወቅት ወንዙ ይሞላል፣ የሊማሊሞ መንገድ በጎርፍና በናዳ ይፈተናል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ይህን መንገድ በገደሉ ላይ ከመቆፈራቸው በፊት ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚሄደው ሲራራ ነጋዴ ተከዜ ሲሞላ ጉዞውን አቋርጦ የክረምቱን መውጣት ይጠብቅ ነበር። የንግዱ ቀን መቁጠሪያም በዝናቡ የተጻፈ ነበር ማለት ነው።

የአንድ ቀን አየር

ወቅቱ ዓመቱን እንደሚከፍል ሁሉ ተራራው ቀኑን ይከፍላል። ፀሐይ ስትወጣ የገደሉ ግድግዳ ከሸለቆው መካከል ካለው አየር ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ቀሎ በግድግዳው ተጠግቶ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በበጋም እንኳ ማለዳ ጥርት ብሎ የዋለው የስሜን አፋፍ ከቀትር በኋላ ከቆላው በሚወጣ ጉም ይሸፈናል። በክረምት ይህ ሽቅብ ነፋስ ከደቡብ ምዕራቡ እርጥበት ጋር ተጋግዞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዶፍ፣ በደጋውም በረዶ ያመጣል። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፦ የቀዘቀዘው የተራራ አየር ከብዶ እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። የዛሪማ ሰው ከቀን ሐሩር በኋላ በሌሊት የሚያገኘው ቀዝቃዛ ነፋስ ከላይ ከደጋው የወረደ ነው።

መግቢያና መውጫ

የአንድ ክረምት መልካምነት የሚለካው በወረደው ዝናብ ጠቅላላ መጠን ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን መጠኑ መደበኛ የሆነ ክረምትም ሰብልን ሊያጠፋ ይችላል። በሰኔ መጀመሪያ ሁለትና ሦስት ቀን ጥሎ ገበሬውን ወደ እርሻ ካስወጣ በኋላ ለሁለት ሳምንት የሚጠፋ ዝናብ የበቀለውን ቡቃያ ያደርቀዋል። ባለሙያዎች ይህን የሐሰት አገባብ ይሉታል። በዚህ የተነሣ በብዙ ጥናቶች ክረምት ገባ የሚባለው በተከታታይ ሦስት ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብና ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ረጅም ደረቅ ጊዜ ሳይኖር ሲቀር ነው። የገበሬው ችግር ግልጽ ነው፤ ወደፊት ያለውን አንድ ወር ሳያይ ዛሬ መዝራት አለበት።

ዝናቡ ቢዘገይ ያለው መልስ ዘርን መለወጥ ነው። በግንቦት የሚዘራው ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ ቢያመልጠው ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ፣ እሱም ካመለጠው ጤፍ ይዘራል። እያንዳንዱ ለውጥ ግን ምርትና የከብት መኖ ይቀንሳል፤ ጤፍ የማሽላን ያህል አገዳ የለውም። ሁለተኛ ዘር የሌለው ገበሬ ደግሞ መልሱን ቢያውቅም አይጠቀምበትም። በድርቅ በተጎዳና በደከመ አፈር ላይ አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ስለምታጠቃ ጉዳቱ ይደረባል። በሌላ በኩል ክረምቱ በመስከረም ቀድሞ ቢወጣ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል፤ ዘግይቶ ቢወጣ ደግሞ የደረሰው ሰሊጥ በዝናብ ይበላሻል።

የክረምቱ መዛባት ከሩቅ ውቅያኖስ ጋር የተያያዘ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኤል ኒኞ የሚባለው የውኃ መሞቅ ሲከሰት የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ብርቱ ኤል ኒኞ ታይቶ፣ በተከተለው ዓመት በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚሻ ተገልጾ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም ኤል ኒኞ በነበረበት ጊዜ በሰሜን ጎንደር በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናብ ታጥቶ ሰብልና ከብት ጠፍቷል። እነዚህ ወረዳዎች ከተራራው ጀርባ በተከዜ በኩል ያሉ ወይም ወደዚያ የሚዘልቁ መሆናቸው የዝናብ ጥላው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል፤ ከሌላው ቦታ የተሻለ ዓመት ለእነርሱ መካከለኛ፣ ለሌላው መካከለኛ የሆነው ለእነርሱ ድርቅ ነውና።

ዝናብና ወባ

ክረምቱ ሲወጣ በዛሪማ ሌላ ወቅት ይገባል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወንዙ ሲጎድል በዳርቻው ኩሬዎች ይቀራሉ፤ በእነዚህ የረጋ ውኃዎች የወባ ትንኝ ትራባለች። ትንኟ ብትኖርም በሰውነቷ ውስጥ ያለው የወባ ተውሳክ ለማደግ ሙቀት ይሻል፤ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ዕድገቱ እጅግ ይዘገያል። ሊማሊሞ ለደባርቅ ሰው የወባ ግንብ የሆነለት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሪማ ግን ከግንቡ ውጭ ናት፤ የአዝመራው ወርና የወባው ወር ይገጥሙባታል። አጨዳ በደረሰበት ሳምንት በወባ የተኛ ገበሬ የሚያጣው ጤናውን ብቻ ሳይሆን የዓመት ልፋቱንም ነው።

ግንቡም ቢሆን የማይናወጥ አይደለም። ወባ እንደ ልብ በማይገኝበት ከፍታ የሚኖር ሰው በሽታውን የመቋቋም አቅም ስለማያዳብር፣ ሞቃትና ዝናባማ ዓመት ሲመጣ ወረርሽኙ ይከፋበታል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ወደ 7,000 ሰው እንደፈጀ ተመዝግቧል፤ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ይህ እልቂት ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ኮሌጅ የበቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በአገሪቱ ወይና ደጋዎች በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው ያህል ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። አየሩ በጥቂት ዲግሪ ቢሞቅ የቆላው ድንበር በገደሉ ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣም ማሽላን ብቻ ይዞ አይወጣም።

ለትንበያ የሚሆን ትምህርት

የወቅት ትንበያ ዘወትር የሚነገረው ለሰፊ አካባቢ ነው፤ የሚነገረውም በሦስት ደረጃ፣ ማለትም ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ስንት እጅ እንደሆነ በማመልከት ነው። ሜዳማ ለሆነ አገር ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። በአንድ ዞን ውስጥ ቆላውም ውርጩም በሚገኙበት በሰሜን ጎንደር ግን በደጋው ላይ የቆመ አንድ የዝናብ መለኪያ ከሥሩ 1,000 ሜትር ዝቅ ብሎ ስላለው መሬት የሚናገረው ጥቂት ነው። ሳተላይት ክፍተቱን በከፊል ይሞላዋል፤ ይሁን እንጂ ሳተላይቱም የሚታረመው መሬት ላይ በተለካ ዝናብ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። በገደሉ ላይ በየከፍታው በሚገኙ ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች ቀላል የዝናብ መለኪያ ተተክሎ በየማለዳው ቢነበብ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዛሪማ የራሷ የሆነ የዝናብ መግቢያና መውጫ ቀን ሊታወቅ ይችላል። የግብርና ባለሙያው ፈጥኖ የሚደርስ ዘር በሰኔ መጨረሻ ተዘጋጅቶ እንዲቆይ፣ የጤና ባለሙያውም አጎበርና መድኃኒት ከመስከረም በፊት እንዲደርስ የሚያደርገው ይህን የመሰለ መዝገብ ነው። መዝገቡ በሌለበት ቦታ ግን አስፈላጊው ሁሉ የሚታወቀው ቡቃያው ከደረቀ ወይም በሽተኛው ከበዛ በኋላ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የዛሪማ አየር ንብረት በሦስት ነገር ይቀረጻል፦ በዝቅተኛነቷ፣ ከላይዋ በቆመው የስሜን ግድግዳና በፀሐይ ጉዞ ተከትሎ በሚመላለሰው የነፋሳት መገናኛ። ዝቅተኛነቷ ሙቀትን፣ ግድግዳው የነፋስንና የደመናን አካሄድ፣ የፀሐይ ጉዞ የዝናቡን ወር ይወስናሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የአንድ ሳምንት መዘግየት በደጋው የሚቻል ችግር ሲሆን በቆላው አንድን ሰብል በሌላ ለመተካት ያስገድዳል። ስለዚህ ስለ ሰሜን ጎንደር ክረምት ሲነገር የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ?» ሳይሆን «በየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው ሳምንት ዘነበ?» ሊሆን ይገባል።